ፊልሙ ነው ልጄን ያሳመማት?

ጥያቄ፦ «ልጄ 15 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ በነበረ ጊዜ ከጓደኞቿ ጋር ‹ቱ ዘ ቦን› የሚባል፣ አኖሬክሲያ ስላለባት፣ ማለትም ምግብ እየከለከለች ራሷን ስለምታስርብ ልጅ የሚናገር የኔትፍሊክስ ፊልም አየች። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ደጋግማ ስታየው አገኘኋት። አሁን እራት ስናቀርብ ‹ጾም ላይ ነኝ› ትላለች። ፍልሰታ ካለፈ ግን ሰንብቷል። ከሳ ብላለች፣ ግን ፊልሙ ላይ እንዳለችው ልጅ አጥንቷ አልወጣም። እኔም ፊልሙን አየሁት፤ ግማሹ አልገባኝም። እውነት በሽታው እንዲህ ነው? ፊልም ሰው ያሳምማል? ልከልክላት ወይስ አብሬያት ልየው?»

መልስ፦ እህቴ፣ አንቱታውን ልተወውና እንደ እህት ላውራሽ። ከጻፍሽው ሁሉ ያስደነገጠችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ፊልሙ ላይ እንዳለችው ልጅ አጥንቷ አልወጣም» ያልሽው። አየሽ፣ ፊልሙ አንቺንም አስተምሮሻል። በሽታው ይህን ይመስላል ብሎ አንድ ሥዕል ሰጥቶሻል። አሁን ልጅሽን የምትለኪያት በዚያ ሥዕል ነው። እኔ ጋ ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹን መንገድ ላይ ብታያቸው ጤነኛ ናቸው ትያለሽ። ሲመረመሩ ግን የልብ ምታቸው ከሚገባው በታች ወርዷል። የወር አበባቸው ቆሟል። ከተቀመጡበት ሲነሡ ዓይናቸው ይጨልማል።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከመጨረስሽ በፊት ለልጅሽ ሐኪም ደውለሽ ቀጠሮ አስይዢ። ከዚያ ተመለሺና ስለ ፊልሙ እናውራ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የኪሎም የካሎሪም ቁጥር አታገኚም። ሆን ብዬ ነው። ልጅሽ ስልክሽን ከፍታ ብታነበው፣ ቁጥሩን የምታየው ልታሸንፈው እንደሚገባ ሪከርድ ነው።

ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ሌሎቹንም ዓመታት የምጽፍልሽ በዚሁ አቆጣጠር ነው። የጻፈችውም ያዘጋጀችውም ማርቲ ኖክሰን ናት። እሷ በልጅነቷ በዚህ ሕመም አልፋለች። መሪ ተዋናይቷ ሊሊ ኮሊንስም እንደዚሁ፤ በዚያው ዓመት ባወጣችው መጽሐፍ ተናግራዋለች። ስለዚህ «የማያውቁትን ነው የሠሩት» ብሎ ማጣጣል አይቻልም። ብዙ ነገር ልክ ነው። ኤለን የምትባለው ገጸ ባሕርይ ሳህኗ ላይ ያለውን ሁሉ በካሎሪ ስትጠራ፣ ቀልዱን አይታ የምትስቅ እህት አለች። ተደብቃ ስፖርት መሥራቷ፣ ቤተሰቡ ስለ ሁሉም ነገር እየተጯጯኸ ስለ ዋናው ነገር ዝም ማለቱ፣ እነዚህን እኔም በየሳምንቱ የማያቸው ናቸው።

አንዱ ነገር ግን እስካሁን ይከነክነኛል። በታሪኩ ውስጥ ኤለን ሠዓሊ ናት። ስለ ሕመሟ የሣለቻቸውን ሥዕሎች ኢንተርኔት ላይ ትለጥፍ ነበር። የማታውቃት አንዲት ልጅ ሥዕሎቹን ስትከታተል ቆይታ ራሷን አጠፋች። ኤለን ይህን ተሸክማ ነው የምትኖረው። እንግዲህ ፊልሙ ራሱ «የሕመም ሥዕል የሰው ሕይወት ያጠፋል» እያለን ነው። እዚያው ላይ ካሜራው የሊሊ ኮሊንስን የጀርባ አጥንት ያስቆጥረናል። መጀመሪያ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። የ15 ዓመት ልጅ ማስጠንቀቂያ አንብባ ፊልም ስትዘጋ ግን እስካሁን አላየሁም። እንዲያውም ያጓጓታል።

ነገሩ ክፋት አይመስለኝም። ካሜራ የሚታይ ነገር ይፈልጋል። ይህ ሕመም ደግሞ አብዛኛው የሚኖረው ሐሳብ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ማሰብ፣ እራት ሰዓት ሲቃረብ ሆድ መረበሽ፣ አንዲት ጉርሻ ከበሉ በኋላ ለራስ የሚሰጥ ስድብ። ይህን እንዴት ትቀርጪዋለሽ? አጥንት ግን ይቀረጻል። ስለዚህ ፊልም ሠሪው ቀጭን ገላ ያሳይሻል። ያ ገላ ለጤነኛ ተመልካች አስፈሪ ነው። በሕመሙ አፋፍ ላይ ለቆመች ልጅ ግን ግብ ነው።

ሊሊ ኮሊንስ ለፊልሙ ስትል ከስታ ነበር፤ የሥነ ምግብ ባለሙያ እየተከታተላት። በዚያ ሰሞን ያጋጠማትን በኋላ ለመጽሔት ተናግራለች። ከቤቷ ስትወጣ አንዲት በእናቷ ዕድሜ ያለች ሴት አገኘቻት፤ ድሮ የምታውቃት። ሴትዮዋ እንዴት አምሮብሻል አለቻት። ለፊልም ብዬ ነው ብላ ልታስረዳት ሞከረች። ሴትዮዋ የለም፣ ምን እንደምታደርጊ ንገሪኝ አለች። ሊሊ መኪና ውስጥ ለእናቷ ችግሩ የመጣው በዚህ ነው አለቻት። ከፊልሙ ይልቅ ይህች ወሬ ብዙ ታስተምራለች።

እኛ ጋ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። አዲስ አበባ ያለች አክስት በቪዲዮ ደውላ «ወፈር ብለሻል፣ ተመችቶሻል!» ስትል ማድነቋ ነው። ቨርጂኒያ ያደገች ልጅ ግን ይህን ሰምታ ሦስት ቀን አትበላም። ትምህርት ቤት «ቀጭን ሁኚ» ይባላል፣ ቤት «ምነው ከሳሽ፣ ምን ነካሽ» ይባላል። ሁለቱም ዓይን ገላዋ ላይ ነው።

ታዲያ ቀጭን ተዋናይት ሳያሳዩ ይህን ሕመም በፊልም መናገር ይቻላል? ተችሏል። ዘፋኟ ካረን ካርፔንተር በ1983 በ32 ዓመቷ አረፈች። ለዓመታት በአኖሬክሲያ የተጎዳው ልቧ ነው የከዳት። ብዙ አሜሪካዊ የበሽታውን ስም የሰማው ያኔ ነው። በ1987 ቶድ ሄይንስ የሚባል ወጣት ዳይሬክተር ታሪኳን በባርቢ አሻንጉሊቶች ሠራው። ካረን እየከሳች ስትሄድ ለማሳየት አሻንጉሊቷን በስለት እየፋቀ አቀጠናት። ይታይሽ፣ የተላጠ ፕላስቲክ። ማንም ልጅ እንደዚያ ልሁን አትልም። ታሪኩ ግን ጉሮሮ ያንቃል። ሲጀመር የምትስቂበት አሻንጉሊት መጨረሻ ላይ ያስለቅስሻል። ዘፈኖቹን ያለ ፈቃድ ስለተጠቀመ የካረን ወንድም ከሰሰውና ከ1990 በኋላ በአደባባይ እንዳይታይ ተደረገ።

ሌላው ልክ የሠራው ስለ እንግሊዝ ንጉሣዊ ቤተሰብ የሚናገረው ተከታታይ ድራማ «ዘ ክራውን» ነው፤ በ2020 የወጣው አራተኛው ምዕራፍ። ልዕልት ዲያና ቡሊሚያ ነበረባት፤ ብዙ በልቶ መልሶ የማስታወክ ሕመም። በ1995 ለቢቢሲ በሰጠችው ቃለ ምልልስ ራሷ ተናግራዋለች፤ በቡሊሚያ ጊዜ ኪሎሽ ስለማይለወጥ መደበቅ ቀላል እንደሆነ ጭምር። በተከታታዩ ውስጥ የምናየው ቆንጆ፣ ሙሉ፣ በየግብዣው የምትስቅ ሴት ነው። ከግብዣው በኋላ ኮሪደሩ ባዶ ነው፤ በሩ ይዘጋል። ይህ ከአጥንቱ ይልቅ ለእውነት ይቀርባል። ማስታወክ ደሙ ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ያወርደዋል። ፖታሲየም ሲወርድ ልብ ምቱን ይስታል። መልኳ ምንም ሳይሆን ልቧ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። እናት «እኔ እኮ ትላንት አብሬያት በልቻለሁ» የምትለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር በየትኛውም የአሜሪካ ፊልም አታገኚም፤ የኛን ትሪ። እነሱ ጋ እያንዳንዱ የራሱ ሳህን አለው። የተረፈው ይታያል፣ እናትም ታየዋለች። እኛ ጋ አንድ ትሪ ከብበን ስንበላ ማን ስንት እንደጎረሰ ማንም አይቆጥርም። አንድ ልጅ እንጀራውን ስትቆርስ፣ ወጡን ስትነካካ፣ ለወንድሟ ስታጎርስ ታመሽና የበላች ትመስላለች። እናቶች «አብራን ነው የምትበላው» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ላይ እንደምትበሉ ነው።

አሁን ወደ ረሃብ ራሱ ልምጣ፤ ፊልሞች ከሁሉም በላይ የሚስቱት እዚህ ጋ ነውና። ፊልም ላይ ያለችው ልጅ እልኸኛ ናት። ትዋሻለች፣ ትነጫነጫለች፣ ሰው ትገፋለች። ተመልካቹ «ጠባይዋ ነው» ይላል። በ1944 መጨረሻ ላይ አንሴል ኪስ የሚባል ተመራማሪ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ሰበሰበ። በሃይማኖትና በኅሊና ምክንያት አንዋጋም ብለው ጦር ሜዳ ያልሄዱ፣ ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ዓላማው በጦርነቱ የተራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ስድስት ወር ምግባቸው በግማሽ ያህል ተቀነሰ። ምን ሆኑ መሰለሽ? ድስት ነክተው የማያውቁ ወንዶች የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ ጀመሩ። ሳህን ይልሳሉ። አንዲት ሳህን ላይ እንደተጎነበሱ ያመሻሉ። ተነጫነጩ፣ ከጓደኛ ራቁ፣ ሴትም ጨዋታም አስጠላቸው። ከዚያ በፊት እነዚህ ሰዎች ምንም አልነበረባቸውም። ጠባዩን ያመጣው ረሃቡ ነው።

ልጅሽ ሌሊት ቲክቶክ ላይ የምግብ አሠራር ስታይ ታመሻለች? ኬክ ጋግራ ለሁሉም አድላ እሷ አትቀምስም? ይህ የምግብ ፍቅር አይደለም፤ የተራበ አእምሮ ሥራ ነው። የምትጮህብሽም እሱ ነው።

ወደ ሌሎች የአእምሮ ሕመሞች ብትሄጂም የፊልሙ ችግር ያው ነው፤ የሚታይ ነገር ፍለጋ። የሒሳብ ሊቁ ጆን ናሽ ስኪዞፍሬኒያ ነበረበት። በ1994 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በ2001 ስለ እሱ የተሠራው «ኤ ቢውቲፉል ማይንድ» የሌሉ ሰዎች ፊት ለፊቱ ቆመው ሲያናግሩት ያሳያል። እውነተኛው ናሽ ግን ድምፅ ነበር የሚሰማው። ድምፅ ብቻውን ለካሜራ ስለማይመች ፊልሙ ገላ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ ሕመምተኛውን «ሰው ይታይሃል?» ይለዋል። አይታየኝም ካለ «በቃ ደህና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሌላም አለ። ፊልሙ ውስጥ ናሽ አዳዲሶቹን መድኃኒቶች እንደሚወስድ ይናገራል። እሱ ግን ከ1970 ጀምሮ አቁሞ ነበር። ፊልሙ ይህን የለወጠው ሕመምተኞች አይተው መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ በመስጋት ነው ይባላል። ለእውነት አልታመነም፤ እኔ ግን በዚህ ልወቅሰው አቅም የለኝም።

የ1975ቱ «ዋን ፍሉ ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት» ደግሞ ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጥበትን የአእምሮ ሕክምና እንደ ቅጣት አሳይቶን አረፈ። ዛሬ ሕክምናው የሚሰጠው ሕመምተኛው በማደንዘዣ ተኝቶ ነው። ከባድ ድብርት ያለበትን ሰው ሕይወት ያተርፋል። ግን ስሙን ስጠራ የቤተሰቡ ፊት ይለወጣል፤ የሚታያቸው ያ ፊልም ነው። በኛም ኮሜዲዎች ቢሆን «እብድ» ማለት ቡትቶ ለብሶ ሰው የሚያስቅ ነው። የአማኑኤል ሆስፒታል ስም ራሱ ስድብ ሆኖ የለ? ይህን ሰምታ ያደገች እናት ልጇን «የአእምሮ ሐኪም ጋ እንሂድ» ለማለት አፏ ቢያዝ አልፈርድባትም።

ከሕመሙ ስለ መዳንም ላንሣ። ፊልሙ ላይ ኤለን ወደ ሕክምናው የተመለሰችው በአንድ ሌሊት ነው። ተራራ ላይ ራሷን ትስታለች፣ በሕልም መሰል ነገር የራሷን የከሳ ገላ ታያለች፣ ትነቃለች፣ ትወስናለች። ለፊልም ያምራል። በእውነቱ ማገገም አሰልቺ ነው። ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት፤ ነገም እንደገና። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት። በልጆች ላይ ከተሞከሩት መንገዶች በደንብ የሠራው ለንደን ውስጥ ሞድስሊ ሆስፒታል የተጀመረው ነው። በ1987 የታተመው ጥናታቸው አነጋጋሪ ነበር፤ ከዚያ በፊት እናት የበሽታው ምክንያት ተደርጋ ነበር የምትታየው፤ ብዙ ፊልምም አሁን ድረስ እንደዚያ ያያታል። እነሱ ግን ወላጆችን ማዕዱ ላይ አስቀመጡ። ልጅቷ ራሷ መምረጥ እስክትችል ድረስ ምን እንደምትበላ የሚወስኑት፣ አጠገቧ የሚቀመጡት ወላጆች ናቸው። ሐኪሙ ይደግፋል።

«ግማሹ አልገባኝም» ካልሽው ውስጥ እናትየዋ ያደገች ልጇን አቅፋ በጡጦ ያጠባችበት ክፍል እንደሚኖርበት እገምታለሁ። ብዙ አሜሪካዊ ተመልካችም ግራ ገብቶታል። እኔ ግን ሳየው ጉርሻ ነው ትዝ ያለኝ። እናት ለልጅ በእጅ ማጉረስ እኛ ጋ ምንም አይገርምም። ያ ትዕይንት እንደ ሕክምና ልክ ነው አልልም። እናትየዋ ቀርባ መመገቧን ግን አልጠላሁትም።

አሁን «ፊልም ያሳምማል ወይ» ላልሽው። ብቻውን አያሳምምም። ይህ ሕመም በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት አለው፤ ጭንቀት ያለባት፣ ሁሉን ፍጹም ካላደረግሁ የምትል ልጅ ትቀርበዋለች። ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ምግብ ከተቀነሰ በኋላ ነው፤ ምክንያቱ ጾም ይሁን ዳይት ይሁን ጉንፋን። ግን የሚታየው ነገር ምንም አያደርግም ማለትም አልችልም። ፊጂ በምትባለው የፓስፊክ ደሴቶች አገር ውስጥ ናድሮጋ የሚባል አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው በ1995 ነው። ወፈር ያለች ሴት የምትከበርበት አገር ነው፤ እንደኛው። አን ቤከር የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ ያኔ የጠየቀቻቸው ተማሪ ልጃገረዶች ውስጥ ክብደት ለመቀነስ ብላ አስታውካለሁ ያለች አንድም አልነበረችም። በ1998 ሌሎች ልጃገረዶችን ጠየቀች። 11.3 ከመቶ የሚሆኑት አድርገነዋል አሉ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ አገሩም በዚያ ጊዜ በብዙ መንገድ ተለውጧል። ግን ሳየው አሁንም ይቀፈኛል።

ፊልም ሠሪዎችም ይህን አያውቁም ማለት አይደለም። ስለ አንዲት ተማሪ ራስን ማጥፋት በሚናገረው «ሰርቲን ሪዝንስ ዋይ» ውስጥ የነበረውን ከባድ ትዕይንት ኔትፍሊክስ በ2019 ቆርጦ አውጥቶታል። ከወጣ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ቢሆንም።

ስለ ልጅሽ። ሐኪሙ ደሟን፣ የልብ ምቷን፣ ተኝታና ቆማ የደም ግፊቷን ያይ። ሚዛን ላይ ስትወጣ ጀርባዋን ሰጥታ ትቁም፣ ቁጥሩን አትስማ። ራሷን ከሳተች፣ ደረቷን ካመማት ወይም ስለ መሞት ካወራች ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። አሜሪካ ውስጥ ራስን ለማጥፋት ለሚያስቡና ለተጨነቁ ሰዎች የተዘጋጀውን የስልክ መስመር 988 ብትደውዪም ሌት ተቀን ሰው ያነሣል። ለሳምንታት ሳትበላ ከቆየች ደግሞ በአንድ ቀን ጠግባ ትብላ ብለሽ አታስጨንቂያት፤ ረጅም ረሃብ በድንገት ሲፈታ የደሙ ጨው ይዛባል፤ እሱም ልብ ላይ ይመጣል። አመላለሱን ሐኪሙ ይምራችሁ።

ጾሙን በሚመለከት ከእሷ ጋር አትከራከሪ። የንስሐ አባታችሁን አናግሪ። የታመመ ሰው ጾም እንደማይገደድ እሳቸው ያውቃሉ። «አሁን ያንቺ ጾም መብላት ነው» የሚለው ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ከኔም ካንቺም ይበልጥ ይሰማል። አያቷ «ቡዳ በልቷት ነው፣ ጠበል ውሰጃት» ካሉም አትጣያቸው። ጠበሉን አልቃወምም፤ በባዶ ሆድ ብዙ ጠበል መጠጣቱን ግን አደራ፣ ለተራበ ልብ አደጋ ነው።

ፊልሙን አብረሽ እዪ አልልሽም። ደግማ ባታየው ይሻላል። ግን ዝም ብለሽ ከስልኳ ብታጠፊው ሌላ ቦታ ታገኘዋለች። መጀመሪያ ጠይቂያት። መኪና ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ። ስለ ገላዋ ምንም አትበዪ፤ አሞገስሽም ነቀፍሽም። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «መልሰሽ መልሰሽ የምታዪው የቱ ጋ ነው?» የኤለንን ገላ የምታይ ልጅ አለች። ሉክ የሚባለው ልጅ ሲወዳት የምታይ አለች። እናትየዋ የምታቅፍበትን የምታይም አለች። ሦስቱ የተለያየ ነገር እየነገሩሽ ነው። መልሷን እንዳለ ጻፊውና ለሐኪሙ ውሰጂለት። ዛሬ ማታ ደግሞ ትሪውን ተዪውና ለሁላችሁም በየሳህኑ አቅርቢ፣ ለአንቺም ጭምር። አጠገቧ ተቀመጪ።